እንቢ ያለችውን ኒፕል አትለፏት

ዛሬ የምጽፈው ስለ ግራሶ ነው። አዎ፣ ስለ ግራሶ። ፖለቲካ የጠበቃችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው እሁድ ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ ከባሌ ደወለልኝ። የኮምባይነር ኦፕሬተር ነው። ስንዴው ደርሷል፣ ገበሬው ወረፋ ይዟል፣ ሰማዩ ደግሞ ያስፈራል። «ቲቸር፣ ሁለት ኒፕሎች ግራሶ አልቀበል አሉኝ። ለባለቤቱ ስነግረው ‹እለፋቸው፣ ዘንድሮን ብቻ ይጨርሱልን› አለኝ። ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «እኔ ማሽኑን ከተረከብኩ ጀምሮ ገብቶላቸው አያውቅም።»

«የግራሶ ካርዱ ላይስ ምን ይላል?»

«ካርዱ ላይማ ራይት አለ፤ ሁሌም ራይት ነው።»

ዛሬ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገችኝ ያቺ ራይት ናት። ተማሪዬን አልተቆጣሁትም። የምቆጣበት አፍ የለኝም፤ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ከሙያው ውጪ ላላችሁ ወዳጆቼ ነገሩን ላስረዳ። ትራክተር ይሁን ኮምባይነር፣ ፒን በቦኮላ ውስጥ የሚዞርበት ቦታ ሁሉ ብረት ከብረት እንዳይበላላ ግራሶ ይፈልጋል። ግራሶው የሚገባባት በር ኒፕል ትባላለች። ጭንቅላቷ ከሽምብራ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ውስጧ ትንሽ ኳስ አለች፣ ከኳሷ ጀርባ ስፕሪንግ አለ። የግራሶ ፓምፑ ሲገፋ ኳሷ ወደ ውስጥ ትሄድና መንገድ ትሰጣለች፤ ግፊቱ ሲቆም ስፕሪንጉ ይመልሳትና በሩን ትዘጋለች። ግራሶው አይወጣም፣ አቧራው አይገባም። በውጭ አገር ብዙ ሰው «ዘርክ» ይላታል፤ በ1929 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት በተሰጠው በኦስትሪያ ተወላጁ በኦስካር ዘርክ ስም መሆኑ ነው። ወደ መቶ ዓመት ሊሆናት ነው፣ ቅርጿ ግን እምብዛም አልተለወጠም። ቀላልና ብልህ ነገር ናት።

ታዲያ እንቢ ስትል ምን ይሆናል? ፓምፑ ይከብዳል። የበለጠ ስትጫኑት ግራሶው በፓምፑ አፍና በኒፕሏ መሃል ሾልኮ እንደ ትል ተጠቅልሎ ይወጣል። ኦፕሬተሩ በጨርቅ ጠረግ ያደርገዋል፣ ወይም እዚያው ይተወዋል። ከሩቅ ላየው ማሽኑ በደንብ ግራሶ የጠጣ ይመስላል። ከውጭ ቅባት፣ ከውስጥ ድርቅ። ካርዱ ላይ ራይት ይደረጋል፤ ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

አሁን የራሴን ላውጋችሁ። ክፍል ውስጥ ለማናችሁም ተናግሬው አላውቅም።

ወጣት መካኒክ ሳለሁ በአንድ ትልቅ እርሻ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። ስሙ ይቅር። ከምንከባከባቸው ትራክተሮች አንዱ የግራ የፊት ጎማው የሚዞርበት ፒን ላይ ያለችው ኒፕል ግራሶ አልቀበልም አለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ሰርቪስ መኪናው ሊሄድብኝ ነው። ካርዱ ላይ ራይት አድርጌ ፈረምኩ። «ሰኞ አያታለሁ» ብዬ ነበር፤ ሰኞ ሌላ ሥራ መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «ያለፈው ሳምንት ምንም አልሆነ» አልኩና እንደገና ራይት። ውሸት ሁለተኛ ጊዜ ሲደገም ይቀላል።

ኦፕሬተሩ አንጋፋ ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ መሪው ወደ ግራ ይከብደኛል» ብለው ነግረውኛል። እኔም «ጎማው ነፋስ አንሶት ይሆናል» ብዬ ነፋሁላቸው። በመጨረሻ በዘር ወቅት ፒኑ ከነቦኮላው ነክሶ ደረቀ። እሳቸው መሪውን በግድ ሲያዞሩ የመሪው ክንድ ተሰብሮ ትራክተሩ ቦይ ውስጥ ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ማሽኑ ግን ዘር እስኪያልቅ ቆመ።

ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመ። ካርዱ ታየ። ግራሶ በየሳምንቱ ተደርጓል ይላል፣ ፊርማው የኔ ነው። እንግዲህ ግራሶ በወቅቱ የገባለት ፒን በምን ይነክሳል? «በአነዳድ ጉድለት» ተባለ። ከአንጋፋው ሰው ደመወዝ ተቆረጠ። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ዝም አልኩ።

ብዙ ሰው ያለፈ ግራሶ የሚጎዳው ብረቱን ብቻ ይመስለዋል። ቦኮላ ይገዛል፣ ፒን ቶርኖ ቤት ይሠራል፣ ያልፋል። ያቺ የውሸት ራይት ግን ጥፋቱን ከአንዱ ትከሻ አንስታ ሌላው ላይ ትጭነዋለች። አብዛኛውን ጊዜ የምትጭነው ደግሞ ደካማው ላይ ነው፤ መሪውን የያዘው ላይ።

ስለዚህ አቋሜ አጭር ነው፦ ግራሶ እንቢ ያለች ኒፕል ወይ ትከፈታለች፣ ወይ «አልገባም» ተብሎ ይጻፍባታል። ሦስተኛ መንገድ የለም። «ዘንድሮን ይጨርስልን» የሚባል የጥገና ዓይነት አላስተማርኳችሁም።

«ቲቸር፣ ማውራት ቀላል ነው፣ እንዴት ትከፈታለች?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ትክክል ናችሁ። ከልምዴ የምነግራችሁ፣ አብዛኞቹ ከጋራዥ ሳትርቁ፣ ከሰፈር ዕቃ ሳትወጡ ይከፈታሉ። ሚስጥሩ ጉልበት አይደለም፣ ቅደም ተከተል ነው። ተማሪዬን በስልክ ያስያዝኩት እነሆ፦

1. ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። ከዚያ ኒፕሏን ከመወንጀላችሁ በፊት ፓምፑን ፈትሹ። ግራሶ ከምትቀበል ሌላ ኒፕል ላይ ሞክሩት። እዚያም ካልሠራ ጥፋቱ የፓምፑ ነው። ውስጡ አየር ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ጭንቅላቱን ላላ አድርጋችሁ ጥቂት ግፉና አየሩ ይውጣ። ወይም ኒፕሏን የሚነክሰው አፉ አልቋል። ያለቀ አፍ ደህናዋን ኒፕል «ተደፍናለች» ያሰኛታል። ስንቱን ኒፕል በከንቱ እንደፈታን እኔ ነኝ የማውቀው!

2. ጥረጉና እዩ። ጭንቅላቷ ላይ የደረቀ ጭቃ፣ ገለባ ወይም ቀለም አለ? ቀለም ስትቀቡ ኒፕል የማትሸፍኑ ሰዎች፣ ስለናንተ ነው የማወራው። በናፍጣ አጽዱና ኳሷን በቀጭን ሚስማር ጫፍ ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጓት። ገብታ ከተመለሰች ጤነኛ ናት። ካልተነቃነቀች ጥቂት ናፍጣ አንጠባጥቡባትና ታግሳችሁ ድገሙት።

3. ጭነቱን አንሱላት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የማሽኑ ክብደት ፒኑን በቦኮላው በአንድ ወገን ሲጫነው ግራሶው የሚያልፍበት ክፍተት ይዘጋል። ኒፕሏ ምንም አልሆነችም፣ መሄጃ ግን የላትም። አክሱሉን በክሪክ አንሱ፤ ክሪኩን ብቻ አምናችሁ ግን ከሥር አትግቡ፣ ጠንካራ ድጋፍ አስገቡ። ከዚያ አንድ ሰው መሪውን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ሌላው ፓምፑን ይግፋ። የኮምባይነሩም ክንዶች እንደዚሁ ናቸው፤ ጭነቱን አንሱና አነቃንቁ። ያኔ የኔዋም ኒፕል በዚህ ብቻ ትከፈት ነበር ብዬ አስባለሁ። ክሪኩ ከቆምኩበት አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር።

4. አሁንም እንቢ ካለች ኒፕሏን ፍቷትና ብቻዋን ከፓምፑ ጋር አገናኟት። በአፏ ግራሶ ከወጣ ንጹሕ ናት፣ የተደፈነው ከሷ ጀርባ ያለው ቀዳዳ ነው። ካልወጣ የሞተችው ራሷ ናት፤ ጣሏትና አዲስ ግጠሙ። የኒፕልን ዋጋ ከቦኮላና ከፒን ዋጋ ጋር አስተያዩት። በየዓይነቱ አምስት አምስት ኒፕል በቆርቆሮ ይዞ የማይዞር ኦፕሬተር ለኔ ትርፍ ጎማ እንደሌለው ሾፌር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጥርሱን ለዩ። ሜትሪኮቹ ብዙውን ጊዜ 6፣ 8 ወይም 10 ሚሊ ናቸው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ሥሪት የሆኑ አሮጌ ትራክተሮች ላይ ግን የኢንች ጥርስ ታገኛላችሁ። ባለ 10 ሚሊዋና የአንድ ስምንተኛ ኢንች የቧንቧ ጥርስ ያላት በዓይን መንታ ናቸው። አንዷን በሌላዋ ቀዳዳ ብትሞክሩ ትንሽ ትገባና ትከብዳለች። «እንግዲህ ጠበቀች» ብላችሁ በመፍቻ ከገፋችሁ ቀዳዳውን አበላሻችሁት። በእጅ ያልገባ ጥርስ በመፍቻ አይገባም።

5. የተደፈነው ከጀርባ ያለው ቀዳዳ ከሆነ መጀመሪያ በቀጭን ሽቦ፣ ወይም በእጃችሁ እያዞራችሁ በቀጭን መሰርሰሪያ የደረቀውን ቆፍሩ። ማሽን አትጠቀሙ፣ ፒኑን ትበሱታላችሁ። ከዚያ ናፍጣ ሙሉበትና አሳድሩት። ማታ ማሽኑ ከሥራ ሞቅ እንዳለ ብትሞሉት ይመረጣል። ጠዋት ኒፕሏን መልሳችሁ ሞክሩ።

6. አድሮም ካልለቀቀ በመዶሻ የሚመታው መሣሪያ አለ። ትንሽ ሲሊንደርና በልኳ የተሠራች ፒስተን ናት። ናፍጣ ወይም ቀጭን ዘይት ትሞሉባትና አፏን ከኒፕሏ ጋር አገናኝታችሁ ፒስተኗን በመዶሻ ትመታላችሁ። ፈሳሽ አይታመቅም፤ የመዶሻው ምት በሙሉ ወደ ደረቀው ግራሶ ይሄዳል። ተዘጋጅታ ትሸጣለች፣ ጎበዝ ቶርኖ ቤትም ይሠራታል። መነጽር ሳታደርጉ ግን እንዳትመቱ።

7. እሳት የመጨረሻው ነው። ሙቀት የደረቀውን ያላላዋል፣ እውነት ነው። ግን የጎማ ሲል ያቃጥላል፣ ያነከራችሁት ናፍጣ ይያያዛል፣ ኮምባይነር ላይ ደግሞ በየቀዳዳው ገለባ አለ። በስንዴ ማሳ መሃል እሳት የሚያነሳ ሰው ዕብድ ነው። ግዴታ ከሆነ ጋራዥ ውስጥ፣ ገለባውና ናፍጣው ተጠርጎ፣ ውሃና አሸዋ ተዘጋጅቶ ይሁን።

8. ይህ ሁሉ ካልሆነ ፒኑን አውጡት። አዎ፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ግን ይህን ሁሉ አልፎ እንቢ ያለ ፒን ከውስጥ መበላቱን እየነገራችሁ ነው። ሄዳችሁ እዩት።

ስትከፈት ደግሞ «ገባ!» ብላችሁ በሁለት ግፊት አትሂዱ። መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁርና አሸዋማ ነው፤ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ይመጣል። ንጹሑ እስኪታይ ግፉ፤ በተለይ ናፍጣ ከነከራችሁ፣ ናፍጣው አዲሱን ግራሶ ያቀጥነዋልና። ይህ ግን ለፒንና ለቦኮላ ነው። ሲል ያለውን ኩሽኔታ እንዲህ ካደረጋችሁት ሲሉን ታስወጡታላችሁ። እሱ በልክ ነው።

አሁን ቀልድ የሌለበት ነገር። የእጅ ግራሶ ፓምፕ አሻንጉሊት አይደለም። የተደፈነ ኒፕል ላይ ስትጫኑት ግፊቱ በካሬ ኢንች ከ5 ሺህ ፓውንድ ሊያልፍ ይችላል። የሚያፈስ ቱቦን ወይም የፓምፑን አፍ በባዶ እጅ አትያዙ፣ ፍሳሹን በጣት አትፈልጉ። በዚያ ግፊት የወጣ ግራሶ ቆዳ በስቶ ይገባል። የሚታየው እሾህ የወጋው የመሰለ ነጥብ ብቻ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል። ሰውዬው «ምንም አይደል» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ምንም ነው! ውስጥ ለውስጥ ይሄድና ጣት ያስቆርጣል። ያን ጊዜውኑ ሆስፒታል ሂዱ፤ ለሐኪሙም «ወጋኝ» አትበሉት፣ «በከፍተኛ ግፊት ግራሶ ገባብኝ» በሉት። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ።

ለመሆኑ ኒፕል ለምን ይደፈናል? ግራሶ በቀላሉ ሲታይ ዘይትና ሳሙና ነው። ሳሙናው ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ይዞ ያቆየዋል። ማሽኑ ለወራት ሲቆም ዘይቱ ቀስ በቀስ ይለቅና ሳሙናው ብቻ ደርቆ እንደ ሻማ ይቀራል። ሌላው ምክንያት እኛው ነን። አቧራ የለበሰች ኒፕል ሳንጠርግ ፓምፑን ስንሰካባት አቧራውን በገዛ እጃችን ወደ ውስጥ እንገፋዋለን። በመኸር ወቅት የኮምባይነር አቧራ ምን እንደሚመስል ለምታውቁት አልነግራችሁም። ሦስተኛው የተለያየ ዓይነት ግራሶ መቀላቀል ነው። ሳሙናቸው የተለያየ ግራሶዎች ሲገናኙ አንዳንዶቹ ይቀጥናሉ፣ አንዳንዶቹ ይጠጥራሉ። «ሁለቱም ቀይ ናቸው» ማስረጃ አይሆንም፤ ቀለሙ አምራቹ የጨመረው ነው። ቆርቆሮው ላይ ያለውን አንብቡ። በመጨረሻም፣ ማሽን ለክረምት ከመቆሙ በፊት ግራሶ አጠጡት። ብዙዎቻችን ከቆመበት ስናስነሳው ነው የምናጠጣው፤ እስከዚያ ግን እርጥበቱ ገብቶ ሥራውን ጨርሷል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ?

አሁን የማሽን ባለቤቶች ይቆጡኝ ይሆናል። «አንተ ደመወዝህን እየበላህ አስተማርክ፣ እኛ የባንክ ዕዳ አለብን» የሚል መልእክት ከዚህ በፊትም ደርሶኛል። እረዳችኋለሁ። የአጨዳ ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በኅዳር ያልታሰበ ዝናብ ከመጣ የደረሰ ስንዴ ማሳ ላይ ይበላሻል። ተረኛው ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ነው፣ እሱም «ዛሬ ካልታጨደልኝ» ቢል አይፈረድበትም። ማሽኑ ራሱ አሮጌ ነው፤ እኔ ካየኋቸው ብዙዎቹ ሌላ አገር ጉልበታቸውን ጨርሰው የመጡ ናቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አርሲም ሆነ ባሌ፣ ደጋው ላይ ጠዋት በ1 ሰዓት ስንዴ ታጭዳላችሁ? አታጭዱም። ጤዛ አለ። ጤዛው እስኪረግፍ ብዙ ጊዜ 3 እና 4 ሰዓት ይሆናል። እስከዚያ ኦፕሬተሩ ምን ያደርጋል? ሻይ ይጠጣል፣ ስልክ ይነካካል። ባለቤቱስ? ወረፋ ይመዘግባል። ጊዜው አለ እኮ! እግዚአብሔር በየቀኑ የግራሶ ሰዓት በነጻ ሰጥቶናል። ማታ የተደፈነችውን በናፍጣ ነክራችሁ ታድራላችሁ፣ ጠዋት ጤዛው ሲረግፍ እናንተም ትከፍታላችሁ። አንድ ኩንታል አይጎድልባችሁም።

የሚጎድለው ሌላ ነው፤ ክፍያው። ኦፕሬተሩ የሚከፈለው ባጨደው ልክ ከሆነ ግራሶ የሚያጠጣበት ሰዓት ለሱ ባዶ ሰዓት ነው። ለባዶ ሰዓት ጀርባውን አጉብጦ ከማሽን ሥር እንዲተኛ ትጠብቃላችሁ፤ ሲሰበር ደግሞ እሱኑ ትከሳላችሁ። ይህ አግባብ አይደለም። የጠዋቱን ግራሶ ሥራ ብላችሁ ቁጠሩት፤ ትንሽም ብትሆን ዋጋ ቁረጡለት። «አልገባም» ብሎ ሲነግራችሁ ደግሞ አትቆጡት። «አልገባም» በማለቱ የተቆጣችሁት ሰው ነገ «ገባ» ይላችኋል። ውሸቱን ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ።

ከካርዱ ላይ አንድ ነገር ይቀየር። ብዙዎቹ ካርዶች የኒፕሏ ቁጥርና የራይት ቦታ ብቻ ነው ያላቸው። ሦስት ቦታ አድርጉት፦ «ገባ»፣ «አልገባም»፣ «ተከፈተ»። በቃ። አንድ መስመር በእስክሪብቶ መጨመር ነው። «አልገባም» የሚል ቦታ የሌለው ካርድ ሰውን ለውሸት ያዘጋጃል። ያኔ በኔ ካርድ ላይ ያ ቦታ ቢኖር ኖሮ እጽፍበት ነበር ወይ? በእርግጠኝነት አልምልም፤ ወጣት ነበርኩ፣ ሰርቪሱ ሊሄድብኝ ነበር። ግን ቢያንስ ለመዋሸት መምረጥ ነበረብኝ። ያኔ ግን ምርጫም አልመሰለኝም።

ለሙያ አሠልጣኝ ጓደኞቼም አንድ ቃል አለኝ፤ ይህኛው ራሴንም ይጨምራል። ለዓመታት በተግባር ፈተና «በዚህ ትራክተር ላይ ያሉትን ኒፕሎች በሙሉ አግኝታችሁ ግራሶ አጠጡ» እያልኩ ፈትኛለሁ። ሁሉንም ያገኘ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር። ትራክተሩ ግን የማሠልጠኛ ነበር፤ ኒፕሎቹ ሁሉ በተማሪ እጅ በየሳምንቱ ግራሶ ስለሚጠጡ እንቢ የምትል አልነበረችም። ልጆቹ ሥራ ዓለም ሲገቡ የሚያገኟት የመጀመሪያዋ ኒፕል ግን እንቢ ያለችዋ ናት። ለእሷ አላዘጋጀናቸውም። ስለዚህ አንዷን ሆን ብላችሁ ድፈኗት። ተማሪው ከከፈታት ሙሉ ነጥብ ስጡት። መክፈት አቅቶት «ቁጥር 7 አልገባም፣ እስከዚህ ድረስ ሞክሬያለሁ» ብሎ ከጻፈም ስጡት። ሳይገባ ራይት ያደረገውን ግን ጣሉት። ጨካኝ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔን ያኔ አንድ ሰው ቢጥለኝ ኖሮ ለእኚያ ሰው ይሻላቸው ነበር።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ማክሰኞ መልሶ ደወለ። አንዷ ጭነቱን አንስቶ ሲያነቃንቅ ወዲያው ተቀበለች። «ቲቸር፣ ጥቁሩ ሲወጣ ብታይ! የሞተ ግራሶ ነው» እያለ ይስቃል። ሁለተኛዋ ግን አልሆነችም። ናፍጣም ነከረ፣ ኒፕልም ቀየረ። በመጨረሻ ረቡዕ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ ፒኑን አውጥቶ ፎቶ ላከልኝ። በአንድ ወገን በጥፍር የሚዳሰስ ደረጃ ሠርቷል፤ ቦኮላውም ሞላላ ሆኗል። ባለቤቱ ተቆጥቷል። ሌላ ፒንና ቦኮላ እስኪመጣ አንድ ቀን ተኩል ቆመዋል፤ ወረፋ የነበራቸው ሁለት ገበሬዎችም ሌላ ማሽን ይዘው ሄደዋል። ይህን አልደብቃችሁም፤ እውነት መናገር ዋጋ ያስከፍላል። ልጁ ግን ካርዱን ፎቶ አንስቶ አብሮ ልኮልኛል። ራይት ከሚደረግበት ቦታ አጠገብ በእጅ ጽሑፉ «አልገባም፣ ፒን ተበልቷል» ይላል። ቀኑና ፊርማው አለበት። ከሱ በፊት ያሉት ራይቶች የሌላ ሰው ናቸው፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አውቀዋለሁ። እኔው ነኝ፣ የዛሬ ስንት ዓመት።

እኚያን አንጋፋ ኦፕሬተር ከዚያ እርሻ ከለቀቅኩ ወዲህ አላገኘኋቸውም። የተቆረጠባቸውን ገንዘብ መመለስ አልችልም። ልጆቻቸው ወይም የልጅ ልጆቻቸው ይህን ጽሑፍ ካያችሁት፣ ትራክተሩን አባታችሁ አልሰበሩትም። ኮሚቴው ፊት መናገር የነበረብኝ ይህን ነበር።

በሉ እንግዲህ፣ ከታች ጻፉልኝ። እንቢ ያለች ኒፕል በምን ትከፍታላችሁ? እኔ ያልጠቀስኩት ዘዴ ያላችሁ ካላችሁ አትሰስቱ፣ ሁላችንም እንማር። ኮምባይነር ላይ የሚሠራ ወንድም ወይም ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት፤ ወቅቱ አሁን ነው።

መልካም አጨዳ። ዝናቡን ያቆይልን።